ኩርባ አሥራ አንድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንን ጎዳና፣
ጠጠር ሰፈርኩለት በመኪና ቁና፤
ጥድ ከቀረበት፣ ሣርም ከሳሳበት፣
ሁለት አገር ጀርባ ለጀርባ ካለበት።
ግራው ፈረንሳይ ነው፣ ቀኙ የእኛ ነው፣
ንፋሱ ብቻ ነው ፓስፖርት የሌለው።

የድሮ ወታደር በዶማ ቆፍሮት፣
ሊመጣ ላለ ጦር፣ ላልመጣ ጦርነት፣
መድፍ ሊሳብበት፤
መድፉ ሳይመጣ ላሞች ወጡበት።

በረዶው ሲቀልጥ በሰኔ መባቻ፣
ጉድጓድ እቆጥራለሁ ከወንበሬ ብቻ።
«ስንት ጉድጓድ?» አርባ። «ተደፈነ?» ሁሉም።
ፈርሜ እልካለሁ፤ ወጥቶ የሚያይ የለም

ከአንዲት ሴት በስተቀር።

ዴልፊና በበጋ ከላይ ነው ቤቷ፣
ሃያ ሁለት ላሞች፣ አንድ ውሻ፣ እሷ።
አይቧን ወደ መንደር በጂፕ ጭና ስትወርድ፣
ክቡ ይሰነጠቃል ልክ እንደ መንገድ።
በየመስከረሙ መኪናዬን ታቆማለች፣
በመስኮቴ በኩል አንዲት ቃል ትላለች፦
«ኢላሪዮ፣ ውረድ።»

አልወረድኩም።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣
ከኦሬስቴ ሱቅ ገብቼ ተዋስኩ ብስክሌት፤
ሰፊ ጎማ አለው፣ ጥርሱም ብዙ ነው፣
«ከእኔስ ይሻላል» አልኩት፤ የእኔ አምስት ነው።
ልጁ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ ቀባ፤
ሌላው ሰንሰለት ግን፣ ከሱቁ ደጅ ማዶ፣ ደመና የገባ፣
ተራራ በተራራ የተቆላለፈው፣
ዘይትም አያውቅ፤ በየትኛው ጥርስ ነው የማልፈው?

አራት ሰዓት ሙሉ ወጣሁ።

በመዝገቤ ላይ «ጠጠር» ነበር ሁሉ፣
ከብስክሌት ሲያዩት ግን ይለያያሉ፦
የሚንሸራተት አለ እንደ ባቄላ፣
የሚነክስ አለ፣ ጎማ የሚበላ፣
አለ ደግሞ ለሽ ብሎ ፀሐይ እየሞቀ፣
ጎማ ገና ሲነካው ብድግ ብሎ ወደ ቅልጥም የዘለቀ።
ፍሬኔ ቢያፏጭ አንዲት ማርሞት ወጥታ፣
ፉጨት መለሰችለት፣ የጎረቤት ሰላምታ።

ጠርዙ ላይ ስደርስ መንገዱ ቀጠነ፤
በስተግራ ጉም ነው፣ በቀኝም ጉም ሆነ፤
አገር ሁሉ ጠፋ፤ ክንድ የሚያህል አፈር
እኔን ከብስክሌቱ ተሸክሞን ነበር።
በዚያ ከፍታ ላይ ሰው ጸሎት ያስባል፤
እኔ ያሰብኩት ግን፦ እዚህስ ማን ፈርሟል?

ከዚያ ኩርባ አሥራ አንድ።
በቁጥሩ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ
«ተደፈነ» ብዬዋለሁ።
አልተደፈነም።

ፊት ጎማው ሲሰምጥ እኔ ዘለልኩ አልፌ፣
ከገዛ ፊርማዬ ላይ ተደፋሁ በአፌ።
(ጥርሴ አሁን አራት ነው።)
ካላማዳሪው ሲተነፍስ ሰማሁት፣
ረጅም ትንፋሽ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ቃጭል። ከዚያ ውሻ። ከዚያ የቦት ጫማ ኮቴ።
ባልዲ ውሃ አመጣች፤ ካላማዳሪውን ነከርን፣
አረፋ ሲወጣ ቀዳዳውን አገኘን፤
የመርፌ ጫፍ ታህላለች።
እኔ ለጠፍኩ። እሷ አየችኝ ዝም ብላ።
«ወረድክ» አለች፣ ከብዙ በኋላ።

ይቅርታ ልል ነበር፤ ምክንያቱን ደርድሬ፣
በጀቱን፣ ናዳውን፣ አለቃዬን ጠርቼ፣
የወገቤን ነገር መጨረሻ ላይ ጨምሬ።
እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎጆዋ ገባች።
ዳቦ ልታመጣ ነው ብዬ አፌን ጠረግሁ።

አካፋ ነው።

እጀታው ቀጥኗል፣ በእጅ ወዝ አብርቷል፤
ከአርባው ጉድጓድ ስንቱን እሷ ሞልታው ኖሯል?
አልጠየቅኳትም።
ብስክሌቱን ከድንበሩ ድንጋይ አስደግፌ
ጃኬቴን አወለቅሁ።